ቤዚክ፣ ብሪክስ እና የአየር ንብረት ድርድር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢትዮጵያ 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ በማደግ ላይ ያሉ ትልልቅ ኢኮኖሚዎች የሚሰባሰቡበት የብሪክስ አባል ናት። ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው በመምጣታቸው ቻይና፣ ህንድ፣ ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ በአየር ንብረት ፖሊሲ ላይ ስላላቸው ትብብር የሚነገረው በዝቷል። ከሚነገረው ውስጥ ግን ጥቂት የማይባለው ከእውነታው የራቀ ነው፤ አስተናጋጅ የሚሆን አገር ሕዝብ በድርድሩ ማን ከማን ጋር፣ በምን ጉዳይ እንደቆመ በትክክል ማወቅ ይገባዋል ብዬ ስለማምን እነዚህን ስሕተቶች አንድ በአንድ ለማረም ተነስቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ኢትዮጵያ ብሪክስ ውስጥ ስለገባች በአየር ንብረት ድርድሩም ከእነ ቻይና ጋር ተሰልፋለች»

ይህ ሁለት የተለያዩ ስብስቦችን ከማደባለቅ የመጣ ስሕተት ነው። ቤዚክ የሚባለው ስብስብ ብራዚል፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ህንድና ቻይና በኖቬምበር 2009 ቤጂንግ ላይ፣ የኮፐንሃገን የአየር ንብረት ጉባኤ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ለአየር ንብረት ድርድር ብቻ ብለው የመሠረቱት ነው። ብሪክስ ግን ከንግድ እስከ ፋይናንስ ብዙ ጉዳዮችን የሚያነሳ ሰፊ መድረክ ሲሆን፣ በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ማዕቀፍ ስምምነት ከበለጸጉት ወገን የተመደበችውን ሩሲያንና እንደ ኢራንና የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ያሉ ነዳጅ ላኪዎችን አንድ ላይ ይዟል። የብሪክስ መሪዎች በጁላይ 2025 ሪዮ ዲ ጄኔሮ ላይ ስለ አየር ንብረት ፋይናንስ የጋራ መግለጫ ማውጣታቸው እውነት ነው፤ ሆኖም ብሪክስ በተባበሩት መንግሥታት የድርድር አዳራሽ እንደ አንድ ቡድን አይቀመጥም። ኢትዮጵያ የምትደራደረው በአፍሪካ ቡድን፣ በአነስተኛ ያደጉ አገሮች ቡድን እና ታዳጊ አገሮችን በሚያሰባስበው በቡድን 77 እና ቻይና በኩል ነው።

«አራቱ አገሮች የተሰባሰቡት ስምምነት እንዳይኖር ለማደናቀፍ ነው»

ይህ አመለካከት የተወለደው ኮፐንሃገን ላይ ሲሆን፣ በውስጡ የእውነት ቅንጣት ስላለበት በቀላሉ የሚነቀል አይደለም። ጉባኤው ሊዘጋ በነበረበት ዕለት፣ ዲሴምበር 18 ቀን 2009፣ የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዌን ጂያባኦ፣ የህንዱ ማንሞሃን ሲንግ፣ የብራዚሉ ሉላ እና የደቡብ አፍሪካው ጄኮብ ዙማ እየመከሩ ሳለ ፕሬዚዳንት ኦባማ ወደ ክፍሉ ገቡ፤ የኮፐንሃገን ስምምነት የሚባለውም ጽሑፍ ዋና መልኩን ያገኘው እዚያ ነው። ጉባኤው ግን ሰነዱን አላጸደቀውም፤ መኖሩን «መዝግቦ» አለፈ። ለክሽፈቱ ብዙዎች ጣታቸውን ቤዚክ ላይ ቀሰሩ። በርግጥም በዚያ ጉባኤ በባሕር የመዋጥ ስጋት ያለባት ትንሿ ቱቫሉ ሕጋዊ አስገዳጅነት ያለው አዲስ ፕሮቶኮል ስትጠይቅ ቻይናና ህንድ ተቃውመዋል። ከ12 ዓመት በኋላ በግላስጎው ጉባኤ ላይም የድንጋይ ከሰልን ቀስ በቀስ «ማስቀረት» የሚለው አገላለጽ በመጨረሻው ሰዓት «መቀነስ» ወደሚለው የተለወጠው ህንድ ባቀረበችውና ቻይና በደገፈችው ሐሳብ ነው። እነዚህን ማስተባበል አይቻልም።

ሆኖም ታሪኩ በዚህ አያበቃም። እስከ 2009 ድረስ በኪዮቶ ፕሮቶኮል መሠረት ምድርን የሚያሞቁ ጋዞችን ልቀት የመቀነስ ግዴታ የነበረባቸው የበለጸጉት አገሮች ብቻ ነበሩ። ከኮፐንሃገን በኋላ ትልልቆቹ ታዳጊ አገሮች የልቀት ዕቅዳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ አሰፈሩ፤ በ2015 ወደ ፓሪስ ስምምነት ያደረሰው መንገድ የተከፈተውም በዚህ ነው። በኮፐንሃገኑ ሰነድ የበለጸጉት አገሮች ለሦስት ዓመት 30 ቢሊዮን ዶላር፣ ከዚያም በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ወደ ማሰባሰብ ለመድረስ ቃል ገቡ። እዚህ ላይ የእኛም ታሪክ አለበት፦ የአፍሪካ መሪዎችን ወክለው የተደራደሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2020 የ100 ቢሊዮን ዶላር ግብ እንዲቀመጥ በጉባኤው ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ «ለአፍሪካ የሚገባውን አሳንሰው ጠየቁ» የሚል ብርቱ ትችትም ደርሶባቸዋል። ገንዘቡ በተባለው ዓመት በ2020 አለመሙላቱን፣ በበለጸጉት አገሮች ድርጅት በኦኢሲዲ ቆጠራ እንኳ ግቡ የተመታው በ2022 መሆኑን ስናይ፣ አራቱ አገሮች አጥብቀው የያዙት የፍትሐዊነት ጥያቄ ሰበብ ብቻ ነበር ማለት አንችልም። የያዙት መርሕ በ1992 ሪዮ ላይ ሁሉም የፈረመበት «የጋራ ግን የተለያየ ኃላፊነት» የሚለው ነው፤ ማለትም ኃላፊነቱ የሁሉም ቢሆንም የበለጸጉት ይበልጥ ይሸከማሉ።

«ታዳጊ ተብለው ስለተመደቡ ምንም ግዴታ የለባቸውም»

ልቀት የመቀነስ ግዴታን በተመለከተ በኪዮቶ ዘመን ይህ ትክክል ነበር። በፓሪስ ስምምነት ግን እያንዳንዱ አባል አገር በየአምስት ዓመቱ ብሔራዊ ዕቅድ ማቅረብና ስለ አፈጻጸሙ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ የዕቅዱን መጠን የሚወስነው ግን ራሱ አገሩ ነው። ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ በ2050፣ ቻይና በ2060፣ ህንድ ደግሞ በ2070 የተጣራ ልቀታቸውን ዜሮ ለማድረስ፣ ማለትም የሚለቁትን ከአየር ከሚወገደው ጋር ለማመጣጠን አቅደዋል። ደቡብ አፍሪካ ከ2019 ጀምሮ የካርቦን ግብር ታስከፍላለች፤ ቻይና በ2021 የልቀት ፈቃድ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ብሔራዊ የካርቦን ገበያ ከፍታለች፤ ብራዚልም የራሷን ገበያ የሚያቋቁም ሕግ በ2024 መጨረሻ አውጥታለች። ቻይና በሴፕቴምበር 2025 ያሳወቀችው፣ ልቀቷን እስከ 2035 ድረስ ከደረሰበት ከፍተኛ መጠን ከ7 እስከ 10 በመቶ ለመቀነስ የሚለው ዕቅድ፣ ከዓለም ልቀት ሲሶ ገደማ ለሚወጣባት አገር በእኔ እምነት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን «ትንሽ ነው» እና «የለም» አንድ አይደሉም።

«አራቱም አንድ ዓይነት ጥቅም አላቸው»

አንድ ቻይናዊ በአማካይ በዓመት ከስምንት ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ይህም ከአውሮፓ ኅብረት አማካይ ይበልጣል። የአንድ ህንዳዊ ድርሻ ሁለት ቶን ገደማ ነው። የብራዚል ትልቁ የልቀት ምንጭ የደን ምንጣሮና ግብርና ሲሆን፣ የደቡብ አፍሪካ ደግሞ ኤሌክትሪኳን በብዛት የምታመነጭበት የድንጋይ ከሰል ነው። ልዩነታቸው በ2011 በደርባኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ በገሃድ ታይቷል፦ ብራዚልና አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ሁሉንም የሚያስር የወደፊት ስምምነት ለመቀበል ሲያዘነብሉ፣ ህንድ እስከ መጨረሻው ሌሊት ድረስ ተከራክራለች። ያስማማው «ሕጋዊ ኃይል ያለው ውጤት» የሚል አገላለጽ ከብራዚል ተደራዳሪ የመጣ ነው። የቤዚክ አባላት የሚተባበሩት ሸክሙ እንዴት ይከፋፈል በሚለው ላይ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን እያንዳንዱ በየራሱ ይደራደራል።

«የደቡብ ለደቡብ ትብብር እርዳታ ነው»

የደቡብ ለደቡብ ትብብር የሚባለው ታዳጊ አገሮች እርስ በርስ የሚያደርጉት ትብብር ነው፤ በአገራችን በጣም የተለመደው ስሕተትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። የአዳማ አንደኛና ሁለተኛ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ በቻይና ተቋራጮች የተገነቡ ሲሆን ወጪያቸው በአብዛኛው የተሸፈነው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ብድር ይመለሳል። ይህን ስል ሥራውን ለማቃለል አይደለም፤ አዳማ ላይ የሚሽከረከሩት ተርባይኖች ዝናብ ባጠረ ጊዜ ለግድቦቻችን እፎይታ ይሰጣሉ። ቻይና በ2024 በባኩው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ እንዳስታወቀችው ከ2016 ወዲህ ለታዳጊ አገሮች የአየር ንብረት ሥራ 177 ቢሊዮን ዩዋን «ሰጥታለች እና አሰባስባለች»። ይህ ግን በፈቃደኝነት የሚደረግ ነው። በዚያው ጉባኤ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ወደ ማሰባሰብ እንዲደረስ ሲወሰን በግንባር ቀደምነት ኃላፊነት የተጣለባቸው የበለጸጉት አገሮች ናቸው፤ ታዳጊዎቹ የተበረታቱት በፈቃዳቸው እንዲያዋጡ ነው። ደሃ አገሮች ቻይናንም ገንዘብ በይፋ የመጠየቅ መብት ሊኖራቸው ይገባል የሚሉ ድምፆች እየበዙ ነው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

«የእነሱ ቅሬታ ሁሉ የእኛም ቅሬታ ነው»

ቤዚክ በቅርብ ዓመታት ድምፁን ያሰማበት ትልቁ ጉዳይ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ሲመረቱ ለተለቀቀው ካርቦን የሚጥለው የድንበር የካርቦን ክፍያ ነው። ክፍያው ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ሲሆን፣ የሚመለከተው ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ ኤሌክትሪክና ሃይድሮጅን ነው። ኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ በዋናነት የምትልከው ቡናና አበባ ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የሲዳማንና የጅማን ገበሬ በቀጥታ የሚነካው ሌላው የኅብረቱ ሕግ ነው፦ ቡና ከተመነጠረ ደን ያልመጣ መሆኑን የእርሻው መገኛ እየተጠቀሰ እንዲረጋገጥ የሚጠይቀውና አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ የተራዘመው ሕግ። በዚህኛው ብራዚልም ቅሬታዋን አሰምታለች፤ ነገር ግን በሰፋፊ እርሻ የሚያመርተው ብራዚላዊ ለማረጋገጫው የሚያወጣው ወጪና በጓሮው ጥቂት የቡና እግር ያለው ኢትዮጵያዊ የሚያወጣው አይመጣጠንም። ከብራዚል ጋር አብሮ መከራከር የሚቻልበት ቦታ አለ፤ ለአነስተኛ ገበሬ የተለየ ጊዜና ድጋፍ የሚጠይቀውን ክፍል ግን ኢትዮጵያ ቡና ከሚያመርቱ የአፍሪካ ጎረቤቶቿ ጋር ሆና ራሷ ማቅረብ ይኖርባታል።