ሌሊቱን ያነጉ የቤዝቦል ጨዋታዎችና የዳኞቻቸው ጣጣ

እግር ኳስ ሰዓት አለው። 90 ደቂቃ ሞላ፣ ጭማሪው ታየ፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ወደ ቤት። ጥሎ ማለፍ ከሆነም ፍጹም ቅጣት ምት ይገላግላል። ማራቶንም ቢሆን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ላይ የሚበጠስ ሪባን አለው። ቤዝቦል ይህ ሁሉ የለውም። አንዱ ቡድን እስኪበልጥ ድረስ ይቀጥላል። እኩል ከሆኑ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ደንቡ ለጀማሪ እንዲህ ነው። ጨዋታው 9 ኢኒንግ አለው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ ይመታሉ። መቺው ሦስቱን ቤዝ (ማረፊያ) ዞሮ ወደ ተነሳበት ሆም ፕሌት ሲመለስ አንድ ነጥብ ነው። ከአንዱ ቡድን 3 ሰው አውት ሲሆን (ከጨዋታ ሲወጣ) ተራው ለሌላው ይሰጣል። 9ኙ አልቆ ነጥቡ እኩል ከሆነ 10ኛው ይጀመራል። ከዚያ 11ኛው፣ 12ኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ባለሜዳው ሁልጊዜ ኋላ ነው የሚመታው። ስለዚህ በጭማሪ ኢኒንግ ባለሜዳው የምትበልጠውን አንዲት ነጥብ ካገባ ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። እንግዳው መልስ የመስጠት ዕድል የለውም። ይህችን ያዟት፤ በኋላ ጉድ የምታፈላው እሷ ናት።

ከመቺው ጀርባ፣ ከካቸሩ (መቺው የሳታትን ኳስ ከሚቀበለው ተጫዋች) ትከሻ በላይ አጎንብሶ የሚቆመው ዋናው ዳኛ ነው። መቺው ሳይሞክራት ያለፈች ኳስ ሁሉ የእሱን ቃል ትጠብቃለች። በሆም ፕሌቱ ስፋት ውስጥ፣ በጉልበትና በደረት መካከል ካለፈች ስትራይክ ናት። ካልሆነች ቦል። ሦስት ስትራይክ መቺውን አውት ያደርገዋል፤ አራት ቦል በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ያሳልፈዋል። ኳሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ትመጣለች፤ በአንድ ተራ ጨዋታ ደግሞ 300 ጊዜ ያህል ትወረወራለች። ጨዋታው ወደ 18 ኢኒንግ ሲዘልቅ ይህን ቁጥር እጥፍ አድርጉት። ወርዋሪ ሲደክመው ይቀየራል። መቺም ይቀየራል። ዳኛው ካልተጎዳ በቀር አይቀየርም።

ስለ ረጅም ጨዋታዎችና ስለ ዳኛ ስህተት ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይወራል። ለእኔ ግን አንድ ጉዳይ ናቸው። ሰዓት በሌለው ጨዋታ ሰዓቱ ዳኛው ነው። የሚያስረዝመውም የሚቆርጠውም እሱ ነው።

የአሜሪካው ዋና ሊግ (ሜጀር ሊግ) የኢኒንግ ክብረ ወሰን የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1920 ነው (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው)። ብሩክሊንና ቦስተን፣ ቦስተን ላይ 26 ኢኒንግ ተጫውተው 1 ለ 1 ወጡ። የሚገርመው የብሩክሊኑ ሊዮን ካዶርና የቦስተኑ ጆ ኦሽገር ሁለቱም 26ቱንም ኢኒንግ ብቻቸውን መወርወራቸው ነው። ዛሬ አንድ ወርዋሪ 9 ኢኒንግ ከጨረሰ ዜና ነው። ሜዳው መብራት አልነበረውም። ሲመሽ ዳኛው በቃ አለ። አንድ የብሩክሊን ተጫዋች ጣቱን ቀስሮ አንዲት ኢኒንግ ብቻ ጨምርልን፣ ሦስት ሙሉ ጨዋታ ተጫወትን እንበል ሲል ለመነው። ዳኛው አልሰማውም። ብሩክሊን በማግስቱ 13፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ 19 ኢኒንግ ተጫወተች። በሦስት ቀን 58 ኢኒንግ፣ አንድም ድል የለም። እግዜር ያሳያችሁ።

የረጅሞች ሁሉ አውራ ግን በዋናው ሊግ የተደረገ አይደለም። ከዋናው አንድ እርከን ዝቅ ባለው ሊግ፣ በሮድ አይላንዷ ፓውተኬት ከተማ፣ ማኮይ ስታዲየም ነው። ቀኑ ኤፕሪል 18 ቀን 1981፣ የፈረንጆች ፋሲካ ዋዜማ። ፓውተኬት ሮቸስተርን አስተናገደ። 1,740 ሰው ገብቶ ነበር። የሜዳው መብራት አስቸግሮ ጨዋታው ዘግይቶ ተጀመረ። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ንፋሱም ወደ መቺው ስለሚነፍስ የተመታችው ኳስ ሁሉ ወደ ሜዳ ትመለሳለች። ከ9 ኢኒንግ በኋላ 1 ለ 1። በ21ኛው ሮቸስተር አንድ አገባ፤ በዚያው ኢኒንግ የፓውተኬቱ ዌድ ቦግስ መትቶ አቻ አደረገ። ጓደኞቼ ሊያቅፉኝ ይሁን ሊመቱኝ አላወቅሁም ነበር ሲል በኋላ ቀልዷል።

የዳኛው ጣጣ እዚህ ላይ ይገባል። ሊጉ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ50 በኋላ አዲስ ኢኒንግ አይጀመርም የሚል ደንብ ነበረው። ዳኞቹ እጅ ላይ የነበረው የደንብ መጽሐፍ ግን ይህ አንቀጽ አልነበረበትም። አሰልጣኞቹ ተከራከሩ። ዳኞቹ ወረቀቱን አዩ፣ ወረቀቱ ዝም አለ። ቀጥሉ አሉ። ተጫዋቾቹ የተሰበሩ ዱላዎችን እያነደዱ እሳት ሞቁ። የሊጉ ፕሬዚዳንት በስልክ እስኪገኝ ድረስ ሰዓቱ ነጎደ። ሲገኝም ይህ ኢኒንግ ሲያልቅ አቁሙ አለ። ጨዋታው በ32ኛው ኢኒንግ፣ 2 ለ 2 ላይ ቆመ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይላል። ለፋሲካ ያስቀደሰ ሰው እንኳ ገብቶ የሚገድፍበት ሰዓት ነው። በስታዲየሙ የቀሩት ተመልካቾች 19 ነበሩ። ከፓውተኬት ወርዋሪዎች አንዱ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቤቱ ሲደርስ፣ ሚስቱ የት ነበርክ ብላ በር አልከፍትም እንዳለችው እስከ ዛሬ ይተረካል። ኳስ ጨዋታ ላይ ነበርኩ የሚለውን ማን ያምናል?

ቀሪው ጁን 23 ቀን ተጫወቱት። ያኔ የዋናው ሊግ ተጫዋቾች አድማ ላይ ስለነበሩ ጋዜጠኛው ሁሉ ፓውተኬት ገባ። 18 ደቂቃ ብቻ ፈጀ። በ33ኛው ኢኒንግ ዴቭ ኮዛ መታ፣ ማርቲ ባሬት ሮጦ ገባ፣ 3 ለ 2 አለቀ። ጠቅላላው 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። ከተጫዋቾቹ መሀል ቦግስና የሮቸስተሩ ካል ሪፕከን በኋላ የዝና አዳራሽ ገብተዋል። የሮቸስተሩ ዳላስ ዊሊያምስ በአንጻሩ 13 ጊዜ ሞክሮ አንድም አልመታም። ባለድሉ ኮዛ ዋናው ሊግ ውስጥ አንዲት ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ቀረ። አንዲት የጎደለች አንቀጽ ያን ሁሉ ታሪክ ወለደች።

የዋናው ሊግ የሰዓት ክብረ ወሰን 8 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ሲሆን፣ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ሚልዋኪን 7 ለ 6 ያሸነፈበት የሜይ 1984 ባለ 25 ኢኒንግ ጨዋታ ነው። እሱም በሰዓት እላፊ ተቋርጦ በማግስቱ ነው ያለቀው። በ1985 የነጻነት በዓላቸው ዕለት ጁላይ 4 ደግሞ አትላንታ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር 19 ኢኒንግ ተጫውታ 16 ለ 13 ተሸነፈች። ያበቃው ለሌሊቱ 10 ሰዓት 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ርችቱ ቃል ተገብቷልና ከዚያ በኋላ ተተኮሰ። ሰፈሩ ቦምብ ነው ብሎ ፖሊስ ጋ ደወለ። በዚያች ሌሊት በስትራይክ የተነጫነጩ ከሜዳ ተባረዋል፤ ከእነሱም አንዱ የሜትስ አሰልጣኝ ነበር።

እዚያው አትላንታ፣ በጁላይ 2011 የሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። እንግዳው ፒትስበርግ ነው፤ ከ1992 ወዲህ ደህና የውድድር ዘመን አይቶ የማያውቅ፣ በዚያ ክረምት ግን ከላይ የተሰለፈ ቡድን። 3 ለ 3፣ 19ኛው ኢኒንግ፣ ከሌሊቱ ወደ 8 ሰዓት እየተጠጋ ነው። የአትላንታው ሁሊዮ ሉጎ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። ተቀያሪ መቺ ስላለቀ ወርዋሪው ስኮት ፕሮክተር ራሱ ዱላ ይዞ ወጣ። ኳሷን መሬት ለመሬት ሰደዳት። ሉጎ ወደ ሆም ፕሌቱ በረረ። ኳሷ ግን ቀደመችው። ካቸሩ ማይክል ማኬንሪ ተቀብሎ፣ ሉጎ ፕሌቱ ጋ ሳይደርስ ጓንቱን እግሩ ላይ አሳረፈ፤ ይህ አውት ነው። መቺው ደግሞ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሮጥ ተደናቅፎ ወድቋል።

ዳኛው ጄሪ ሚልስ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሴፍ፤ በሰላም ደርሷል ማለቱ ነው።

ማኬንሪ ዘሎ ፊቱ ቆመ። አሰልጣኙ እየሮጠ መጣ። ምን ዋጋ አለው? ነጥቧ ተቆጥራለች፣ አትላንታ ባለሜዳ ናት፣ ጨዋታው አልቋል። 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ የተለፋበት ነገር በአንድ እጅ ምልክት ተዘጋ። ሚልስ በኋላ ቪዲዮውን አይቶ መሳሳቱን አምኗል። ደክሞት ነው፣ ቤቱ መሄድ ፈልጎ ነው የሚለው ሐሜት እስከ ዛሬ አለ። እኔ አላምነውም። ከ19 ኢኒንግ በኋላ የማንም ዓይን ሊያታልል ይችላል፣ በቃ።

በዚያ ዘመን ቪዲዮ የሚታየው ለሆም ረን (ከሜዳው አጥር ውጭ ለሚወጣ ምት) ብቻ ነበር፤ እሱም ከ2008 ወዲህ። የዳኛ ዓይን ላይ ይግባኝ አልነበረም። ይግባኝ የሚባለው ደንብ ሲዛባ ብቻ ነበር። በ1983 የካንሳስ ሲቲው ጆርጅ ብሬት ሆም ረን ዱላው ላይ ዝፍት በዝቷል ተብሎ ሲሰረዝ የሊጉ ፕሬዚዳንት ውሳኔውን ሽረው ጨዋታው በኦገስት እንዲጨረስ አዘዋል። በ2010 ግን የዲትሮይቱ አርማንዶ ጋላራጋ 26 መቺ በተከታታይ አስወጥቶ፣ በመጨረሻው፣ በ27ኛው ላይ ዳኛ ጂም ጆይስ ተሳስቶ ሴፍ ሲል ምንም ማድረግ አልተቻለም። ጆይስ አለቀሰ፣ ጋላራጋም በማግስቱ የቡድኑን የአሰላለፍ ወረቀት ሊሰጠው ወጥቶ ጨበጠው። ውጤቱ ግን እንደነበረ ቀረ።

በ2014 ሰፊው የቪዲዮ ዳኝነት ተጀመረ። እንደ እግር ኳሱ ቪኤአር ነው፤ ምስሉ ኒው ዮርክ ሆነው ያዩታል። ያው ዓመት ሳያልቅ ፈተናው ዋሽንግተን ዲሲ ላይ መጣ፣ ሀበሻው በመኪና ሲያልፍ በሚያየው የአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ስታዲየም። ኦክቶበር 4፣ ዋሽንግተን ከሳን ፍራንሲስኮ፣ በጥሎ ማለፉ ተከታታይ ጨዋታ። በ9ኛው፣ አንድ አውት ሲቀር ሳን ፍራንሲስኮ አቻ ሆነች። በዚያው ምት በስተር ፖዚ ሆም ፕሌት ላይ አውት ተባለ፤ ቪዲዮ ታየ፣ ውሳኔው ጸና። ቴክኖሎጂው ሠራ። ግን ስትራይክና ቦል በቪዲዮ አይታዩም ነበር። በ10ኛው አስድሩባል ካብሬራ በአንድ ስትራይክ ተቆጥቶ ዱላውን መሬት ላይ ወረወረ። ዳኛ ቪክ ካራፓዛ አባረረው። ሊከላከልለት የመጣውን አሰልጣኝ ማት ዊሊያምስንም አባረረ። ቡድኑ ቀሪውን 8 ኢኒንግ ያለ አሰልጣኙ ተጫወተ። በ18ኛው ብራንደን ቤልት ሆም ረን መታ፣ 2 ለ 1። 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ።

ጃፓኖች ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ አላቸው። የእነሱ ዋና ሊግ በ12 ኢኒንግ ካልተሸናነፉ አቻ ብሎ ይበትናል። ለታዳጊዎቻቸው ግን ያን ያህል አልራሩም። በ2014 በላስቲክ ኳስ የሚጫወቱ ሁለት ትምህርት ቤቶች በግማሽ ፍጻሜ 50 ኢኒንግ ተጫውተዋል፣ በአራት ቀን። 3 ለ 0 አለቀ።

አሜሪካኖቹ በ2020 ሌላ ዘዴ አመጡ። ከ10ኛው ኢኒንግ ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ተራው ሲደርስ አንድ ሯጭ ሁለተኛው ቤዝ ላይ በነጻ ይቆምለታል። ነጥብ ቶሎ ይገባል፣ ሰው ቶሎ ይተኛል። በ2023 ቋሚ ሆነ። ነባሩ ደጋፊ ጠልቶታል፤ ያልለፋበትን ሯጭ የሙት መንፈስ ይሉታል። ለጥሎ ማለፍ ግን አይሠራም። ለዚህ ነው በኦክቶበር 2025 ሎስ አንጀለስ ዶጀርስና ቶሮንቶ በፍጻሜው ሦስተኛ ጨዋታ 18 ኢኒንግ ድረስ የሄዱት። ፍሬዲ ፍሪማን ሆም ረን መትቶ 6 ለ 5 ዘጋው። እዚያም ላይ የዳኛ ነገር አልጠፋም። ገና በ2ኛው ኢኒንግ ዳኛው ስትራይክ ያለው ዘግይቶ ስለነበር፣ አራተኛ ቦል መስሎት ወደ ቀጣዩ ሊሄድ ከቤዙ የለቀቀው የቶሮንቶው ቦ ቢሼት አውት ሆነ። በአንዲት ነጥብ የተሸነፈ ቡድን እንዲህ ያለውን ቶሎ አይረሳም።

ከ2026 ጀምሮ ስትራይክና ቦልም ለማሽን ተጋልጠዋል። መቺው፣ ወርዋሪው ወይም ካቸሩ ቆቡን መታ መታ ካደረገ ካሜራዎቹ ይፈርዳሉ። ለአንድ ቡድን የተፈቀደው የተሳሳተ ሙግት ሁለት ነው። ሁለቱን አባክኖ ጭማሪ ኢኒንግ የደረሰ ቡድን ግን ለ10ኛው አንድ ይሰጠዋል። ባዶ እጁን 11ኛው ላይ ከደረሰም እንደገና አንድ፣ ለ12ኛውም እንደዚሁ።