በንግግርና ቋንቋ ሕክምና ክሊኒካዊ መምህርነት ምንድን ነው?

ከስትሮክ በኋላ ቃላት የራቋቸው አንድ ታካሚ የቁልፍ ሥዕል ተሰጥቷቸዋል። ምን እንደሆነ ያውቁታል፤ በእጃቸው በር የመክፈት ምልክት ያሳያሉ፤ ስሙ ግን አልመጣ ብሏቸዋል። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ተለማማጅ ተማሪ ዝምታው ከበዳትና «ቁልፍ» ብላ ነገረቻቸው። ይህን ሁሉ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆኖ የሚከታተል ሰው አለ፤ ክሊኒካዊ መምህር የሚባለው እሱ ነው።

ሥራው ተማሪዋ እውነተኛ ታካሚ እያከመች ሙያውን እንድትማር ማድረግ ነው። እሱ ራሱ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ከሕፃናት የንግግር መዘግየት፣ ከመንተባተብና ከአፋዚያ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት ቋንቋ ከሚቸግርበት ሁኔታ) ጋር ለዓመታት ከሠራ በኋላ ነው። የታካሚው ጥቅምና የተማሪው ዕድገት ሁለቱም አደራው ናቸው። ሲጋጩ የታካሚው ይቀድማል።

ታዲያ ከሕክምናው በኋላ ምን ይላታል? «ቸኩለሻል» ማለት ቀላል ነበር። ጎበዝ መምህር ግን ቀረጻውን ከፍቶ «ሥዕሉን ካሳየሻቸው በኋላ ስንት ሰከንድ ጠበቅሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ቆጥራ ራሷ ትደርስበታለች። ቀጥሎ የፍንጭ ደረጃ ይነሳል፦ መጀመሪያ መጠበቅ፣ ከዚያ «በር የምንቆልፍበት» ማለት፣ ካልሆነ «ቁ…» ብሎ የመነሻውን ድምፅ መስጠት፣ ሙሉውን ቃል መናገር መጨረሻ ላይ። ለታካሚው የሚበቃውን ያህል ብቻ መርዳት ማለት ነው። መምህሩም በዚያች ቅጽበት ለተማሪዋ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሙያው ከባድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። መልሱን እያወቁ አፍን መያዝ ሥልጠና ይፈልጋል።

ይህን አካሄድ በሞዴል መልክ ያስቀመጡት አሜሪካዊቷ ጂን አንደርሰን ናቸው። በ1988 ባቀረቡት ሐሳብ ተማሪ በመጀመሪያ የመምህሩን ግምገማ ይቀበላል፤ ቀስ በቀስ አብሮ ይመረምራል፤ በመጨረሻ የራሱን ሥራ ራሱ ይመዝናል። ጉዞው ቀጥ ያለ አይደለም። በመንተባተብ ሕክምና የበረታች ተማሪ፣ በዚሁ ሙያ የሚታከም የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ሲሰጣት ወደ መነሻዋ ትመለሳለች። በዚህ ጊዜ ከመስታወት ጀርባ መቆም አይሠራም፤ ምግብ ወደ አየር ቧንቧ ከገባ የሳንባ ምች ሊያስከትል ስለሚችል መምህሩ አልጋው አጠገብ ይቆማል።

የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር ለሙያ ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት 400 የክሊኒክ ሰዓት ይጠይቃል፦ 25ቱ በምልከታ፣ 375ቱ ከታካሚ ጋር በቀጥታ በመሥራት የሚሞሉ ናቸው። መምህሩ ተማሪው ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ቢያንስ 25 በመቶውን እዚያው በሥራው ሰዓት መከታተል አለበት። የተማሪው ልምድ ሲያንስ ክትትሉ ይጨምራል። ለተማሪው እያንዳንዷ ሰዓት ተመዝግባ ትያዝለታለች። ለመምህሩ ግን፣ የደረጃ ዕድገት የሚለካው በታተመ ጥናት በሆነበት ዩኒቨርሲቲ፣ ከመስታወት ጀርባ ያለፈው ጊዜ እምብዛም አይቆጠርለትም።