ጂኦሎኬሽን ምንድን ነው? ተራራ ሲመሰክር

ባለፈው እሁድ እናቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ ነው፤ ቤት ይነድዳል፣ ሰው ይሮጣል፣ ከሥሩ «ዛሬ አመሻሽ፣ ድሬዳዋ ዙሪያ» የሚል ጽሑፍ አለ። እናቴ ደንግጣ ለዘመድ ልትደውል ስትነሳ ልጁ «እማዬ ቆይ፣ መጀመሪያ ተራራውን እዪው» አላት።

ቪዲዮው ላይ ፀሐይ ከአድማሱ ጥግ ናት፣ ተራራው ደግሞ ከፀሐይዋ በስተቀኝ ይታያል። ድሬ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እኛ ዘንድ ተራራው ያለው በደቡብ ነው፣ በሰሜን በኩል ወደ ሽንሌ የሚወስደው ሜዳ ነው። ስለዚህ ወደምትጠልቅ ፀሐይ ዞረህ ከቆምክ ተራራው በግራህ መሆን ነበረበት። ጠዋት ተቀርጾ ቢሆንስ? ያኔ አቅጣጫው ይገጥማል፣ ግን «አመሻሽ» የሚለው ውሸት ይሆናል። ልጁ በዚህ አላበቃም። ከቤቱ ጀርባ እንሰት ተደርድሯል። አቦ፣ በዚህ በድሬ ሙቀት የእንሰት ጓሮ ከየት ይመጣል! ስክሪንሾት አንስቶ ጎግል ሌንስ ውስጥ ሲያስገባው ያው ቪዲዮ ከሁለት ዓመት በፊት ተለቅቆ ተገኘ።

እናቴ ተረጋጋች። እኔ ግን የተቃጠለው ቤት ከሐሳቤ አልወጣም። የሆነ ቦታ፣ የሆኑ ሰዎች ቤት ነው። ቦታውን የቀየረው ሰው እኛን ከማስደንገጡም በላይ የእነዚያን ሰዎች ማስረጃ ሰርቋል።

ልጁ ያደረገው ነገር ጂኦሎኬሽን ይባላል። አንድ ፎቶ ወይም ቪዲዮ የተቀረጸበትን ትክክለኛ ቦታ፣ በምስሉ ውስጥ ከሚታየው ተነስቶ ካርታና የሳተላይት ምስል ላይ ማግኘት ማለት ነው። ብዙ ሰው ስልኩ ራሱ ከሚመዘግበው ጂፒኤስ ጋር ያምታታዋል። ቴሌግራምም ፌስቡክም ቪዲዮ ሲለጠፍ ያንን መረጃ ስለሚያጠፉት፣ ለመርማሪው የሚቀረው የሚያየው ነገር ብቻ ነው፤ ሸንተረር፣ ሚናራ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የመንገድ መታጠፊያ። ሥራው ኦሲንት ከሚባለው ትልቅ ዘርፍ አንዱ ክፍል ነው። ኦሲንት ደግሞ ማንም ሊያገኘው ከሚችል መረጃ ተነስቶ መመርመር ነው። የማንም ስልክ አይጠለፍም።

በእኛ ከተማ ላስረዳ። ድሬዳዋን በጎግል ኧርዝ ከላይ ብታዩ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ደቻቱ ነው፣ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ነጣ ያለ የአሸዋ መስመር። በአንዱ በኩል ከዚራ አለ፤ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ዛፎች፣ ባቡር ጣቢያው። በሌላው በኩል መጋላ፣ የተጠላለፉ መንገዶችና የተጠጋጉ ጣሪያዎች። ድልድይ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ቢመጣልኝ የወንዙን አቅጣጫ፣ የተራራውን መስመርና የጣሪያዎቹን አሰላለፍ አያይዤ ሰውየው የቆመበትን ቦታ መፈለግ እችላለሁ። ሐረር ከሆነ ሐኪም ተራራ አለላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። እ.ኤ.አ. በ2018 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። የካሜሩን መንግሥት የሐሰት ዜና ነው አለ። አፍሪካ አይ የተባለው የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም መርማሪዎች ከቪዲዮው ጀርባ የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ይዘው ከሰሜን ካሜሩን መልክዓ ምድር ጋር ለማመሳሰል ብዙ ደከሙ። ያገናኛቸው አንድ ካሜሩናዊ ነው፤ ዘሌቬት የሚባል ከተማ አካባቢ ፈልጉ አላቸው። ሄደው ሲያዩ ሸንተረሩ ገጠመ። አገሩን የሚያውቅ ሰው አንዲት ፍንጭ ባይሰጥ ፍለጋው የት ይደርስ እንደነበር እንጃ።

ጊዜውንስ? በቪዲዮው የሚታይ አንድ ሕንፃ በሳተላይት ምስል ላይ ያለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነበር። መንገዱ የሚታየው በደረቁ ወቅት ነው። በመጨረሻ የወታደሮቹ ጥላ መሬት ላይ እንደ ሰዓት ቆጠረ፤ ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5፣ 2015። እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ወታደሮች 10 ዓመት ተፈረደባቸው። በዚሁ ዘዴ፣ የገደሉን ጠርዝ ከሳተላይት ምስል ጋር በማነጻጸር፣ በ2021 በትግራይ ማኅበረ ዴጎ አጠገብ የተፈጸመው ግድያ ቦታው ታወቀ።

በጥላ ጉዳይ እኛ መጠንቀቅ አለብን። ጥላ ሁልጊዜ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ይወድቃል የሚል ነገር ታነባላችሁ፤ ያ ለአውሮፓ ነው። እኛ ወደ ምድር ወገብ ስለምንቀርብ፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ፀሐይዋ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፣ ጥላችንም ወደ ደቡብ ይዞራል።

ሳተላይት ሁሉን ያያል የሚባለውም የተጋነነ ነው። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስላቸው በነፃ ይገኛል፣ ግን አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። የተቃጠለ መንደር ታያላችሁ፣ ባጃጅ አታዩም። የንግድ ሳተላይቶች 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ፤ ያኔ ባጃጁ ይታያል፣ መሬት ላይ የተኛ ሰውም እንደ ትንሽ ጥቁር ሰረዝ ይታያል። ፊት አይታይም። ደመና ካለ ደግሞ በእነዚህ ምንም አይታይም።

ግን ያቺ ሰረዝ ትበቃለች። ዩክሬን ቡቻ ውስጥ አስከሬኖች መንገድ ላይ ሲገኙ፣ ሩሲያ ወታደሮቼ ማርች 30 ቀን 2022 ከወጡ በኋላ የተቀነባበረ ነው አለች። ማክሳር የተባለው ኩባንያ ማርች 19 ያነሳው ምስል ላይ ግን በያብሉንስካ መንገድ አስከሬኖቹ እዚያው ቦታ ላይ ነበሩ። ሱዳን ውስጥም በኦክቶበር 2025 የአገሪቱን ጦር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል የኤል ፋሸር ከተማን ሲይዝ፣ ጋዜጠኛ መግባት በማይችልበት ሁኔታ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰው የሚያክሉ ነገሮችንና የቀላ መሬትን ከሰማይ አዩ። ማን እንደገደለ ሳተላይቱ ብቻውን አይናገርም። የት እና መቼ የሚለውን ግን ይይዛል፣ የቀረውን ከተረፉት ሰዎች ቃል ጋር ማገናኘት ነው።

ፍርድ ቤትም መቀበል ጀምሯል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2017 በሊቢያው አዛዥ ማህሙድ አል ወርፋሊ ላይ ማዘዣ ያወጣው በዋነኛነት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በወጡ ቪዲዮዎች ተመሥርቶ ነው። ሰውየው ችሎት ሳይቀርብ በ2021 ተገደለ። በ2020 ደግሞ የተመድ የሰብአዊ መብት ቢሮና በአሜሪካ በርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብና እንደሚጠበቅ የሚገልጽ መመሪያ አወጡ።

ማስረጃን የመጠበቁ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። በ2017 ዩቲዩብ በማሽን ብዙ የሶርያ ጦርነት ቪዲዮዎችን አጥፍቷል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ የገባውን ኦሪጅናል አትሰርዙ፣ ሙዚቃም ጽሑፍም አትጨምሩበት፣ ዳሩን አትቁረጡ፤ እናንተ «ትርፍ» የምትሉት ጥግ ላይ ያለው ተራራ ነው ዋናው። በቴሌግራም ለሚታመን ሰው ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፣ ያኔ የውስጥ መረጃው አይጠፋም። እና ቦታውን ስላገኛችሁ ብቻ አትለጥፉ። ከየትኛው መስኮት እንደተቀረጸ የምታውቁ ከሆነ፣ የቀረጸው ሰው ምናልባት አሁንም እዚያው ቤት ነው የሚኖረው።