የንድፍ ደብተር በእንግሊዝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

ስኬች ቡክ ወይም የንድፍ ደብተር መስመር ያልተሰመረበት ደብተር ነው። ልጁ ያየውን ይስልበታል፣ ያነሳውን ቅጠል ይለጥፍበታል፣ ቀለም ይሞክርበታል። በእንግሊዝ ነገሩ ለመምህሩ ፍላጎት ብቻ አልተተወም። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወጥቶ ከመስከረም 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት፣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች የንድፍ ደብተር እንዲያዘጋጁ ይጠይቃል። ያዩትን እንዲመዘግቡበት፣ ሐሳባቸውንም ተመልሰው እንዲያዩበት ነው። ከ5 እስከ 7 ላሉት ደብተሩ አልተጠቀሰም፤ ብዙ መምህራን ግን ቀድመው ያስጀምሯቸዋል።

መጀመሪያ የሚመጣው ችግር ባዶው ገጽ ነው። ልጅ ንጹሕ ወረቀት ሲሰጡት "እንዳላበላሸው" ብሎ ይፈራል። ስለዚህ አንዳንድ መምህራን ሆን ብለው ያስበላሹታል። ገጹን በሻይ ያስነክሩታል ወይም ከሰል ያስፈገፍጉታል። ያኔ የሚጠብቁት ንጽሕና የለም፣ እጅ ይፈታል። ሌሎቹ ደብተሩን ራሱን ከወረቀት አጥፈው፣ በመርፌና ክር ሰፍተው እንዲሠሩት ያደርጋሉ። ላጲስም ብዙ ጊዜ ይከለከላል። የተሳሳተው መስመር እዚያው ይቆይና ትክክለኛው ከጎኑ ይሰመራል። እርሳሱን ከወረቀቱ ሳያነሱ አንድ ጫማ መሳል፣ ወይም ወረቀቱን ሳያዩ የጓደኛን ፊት መሳል የተለመዱ ልምምዶች ናቸው። የሚወጣው ፊት ያስቃል። ዓይን ግን በደንብ ማየት የሚለምደው እንዲህ ነው።

አንድን ነገር ደጋግሞ መሳል ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሄንሪ ሙር ጥሩ ምሳሌ ነው። እንግሊዛዊው ቀራጺ በ1972 ለፍሎረንስ ኤግዚቢሽን ሥራዎቹ ሲታሸጉ ግርግሩን ሸሽቶ መስኮቷ ወደ በጎች የምታይ ትንሽ ክፍል ገባ። በእስክሪብቶ በጎቹን መሳል ጀመረ። መጀመሪያ ያየው ራስና አራት እግር ያለው የጠጉር ድቡልቡል ነበር። እየሳለ ሲሄድ ከጠጉሩ ሥር ያለው ገላ ታየው።

ደብተሩን የሚገድለው እርማት ነው። በየገጹ አናት የዕለቱ የትምህርት ዓላማ ተለጥፎ፣ ሠላሳው ልጅ ያንኑ የሱፍ አበባ ስሎ ከተገኘ፣ ያ የንድፍ ደብተር ሳይሆን የሒሳብ ደብተር ነው። በእኔ እምነት የሚያምረው ደብተር ከሁሉም የሚያጠራጥረው ነው። ጠንቃቃ መምህራን ገጹ ላይ አይጽፉም። አስተያየታቸውን በምትነሳ ትንሽ ወረቀት ይለጥፋሉ ወይም ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ።

ይሄ ለእኛ ሰው ሊከብድ ይችላል። ከደብተር ጀርባ ስሎ ቁጣ የቀመሰ ትውልድ ነን። ለንደን የሚኖር ሐበሻ ወላጅ የልጁን ደብተር ሲገልጥ የሻይ ነጠብጣብ፣ የባቡር ቲኬት፣ ግማሽ የተሳለ ድመት ያያል። ራይት የለም፣ ኤክስም የለም።