ከጉልበት ጅማት መበጠስ በኋላ፦ ፕሮፌሽናል ስፖርተኞች ወደ ውድድር ለመመለስ የሚወስድባቸው ጊዜ

በፕሮፌሽናል ስፖርት አንድን ተጫዋች ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ከሚያርቁ ጉዳቶች በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሰው የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ነው፤ የስፖርት ጋዜጠኞች ባጭሩ «ኤሲኤል» ይሉታል። ጅማቱ የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር አስሮ፣ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት፣ ጉልበቱም ከልክ በላይ እንዳይጠማዘዝ ይጠብቃል። ብዙ ተመልካች ጉዳቱ የከባድ ግጭት ውጤት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚበጠሰው ማንም ሳይነካው፣ ተጫዋቹ ከሩጫ ድንገት ሲቆም፣ አቅጣጫ ሲቀይር ወይም ዘሎ በአንድ እግሩ ሲያርፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተበጠሰው ጅማት እንደ አጥንት ስብራት ራሱን ችሎ የሚገጥም ባለመሆኑ፣ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከመስፋት ይልቅ በሌላ ይተኩታል። ምትኩ የሚወሰደው ከተጫዋቹ ከራሱ አካል፣ ይኸውም ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት፣ ከኋላ ታፋ ወይም ከጭን ፊት ጡንቻ ጅማት ሲሆን፣ በአጥንቶቹ ውስጥ በተቦረቦሩ ቀዳዳዎች አልፎ ይታሰራል። የማገገሚያው ጊዜ የሚረዝምበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። የተተከለው ጅማት ከደም ሥሩ ተለይቶ የመጣ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየጠነከረ ሳይሆን እየላላ ይሄዳል። ከዚያ አዲስ የደም ሥርና አዲስ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይዘልቁታል፤ ይህም ለውጥ ከዓመት በላይ ይቀጥላል። በአራተኛው ወር እብጠቱ ጠፍቶ፣ ሕመሙ ተረስቶ፣ ተጫዋቹ «ድኛለሁ» ሲል ጅማቱ ገና ለግጥሚያ አልደረሰም።

የተለመደው አካሄድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱን ማጉደል፣ እግሩን ሙሉ በሙሉ መዘርጋትና የሰለለውን የጭን ጡንቻ ማንቃት ነው። ቀጥ ያለ ሩጫ በሦስተኛው ወር ገደማ ይጀመራል፤ ኳስና የአቅጣጫ ለውጥ ከአምስተኛው ወር ወዲህ ይመጣሉ፤ ከቡድን ጋር ሙሉ ልምምድ ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ወር ይደረሳል። ሆኖም ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ሊታመን የሚገባው ፈተናው ነው። ተጫዋቹ ወለል ላይ ከተዘረጋ ሜትር አጠገብ ይቆምና እንደ ሰኞ ማክሰኞ ተጫዋች ልጅ በአንድ እግሩ ይዘላል፤ በመጀመሪያ በጤነኛው፣ ቀጥሎ በተሠራው። የተሠራው እግር ቢያንስ የጤነኛውን 90 በመቶ ርቀት እንዲዘል ይጠበቃል፤ ፊዚዮቴራፒስቱም ከርቀቱ እኩል አስተራረፉን፣ በተለይ ጉልበቱ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለመታጠፉን ይመለከታል። ፈተናው አንድ ክፍተት አለው፦ ጤነኛው እግርም በእነዚያ ወራት ሥራ ፈትቶ ስለሚደክም፣ የደከመ እግር 90 በመቶ ማለፊያ ሊሆን ይችላል።

በኖርዌይና በአሜሪካ ተመራማሪዎች ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት፣ ወደ ስፖርት መመለሱ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በዘገየ ቁጥር በእያንዳንዱ ወር ጉልበቱ ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በ51 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ጥናት ደግሞ ተጫዋቾች ወደ ግጥሚያ የሚመለሱበት መካከለኛ ጊዜ 7.4 ወር እንደነበርና ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱት 65 በመቶ ብቻ እንደነበሩ መዝግቧል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ላስቀመጠ ሰው ክለቦቹ መቸኮላቸው ግልጽ ነው።

የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 ቡድኑ ከአርሰናል ሲጫወት ተጎድቶ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርን በክራንች ተደግፎ ተቀበለ፤ ወደ ሜዳ የተመለሰው በሜይ 20 ቀን 2025፣ ስምንት ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በኦክቶበር 2020 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት የተጎዳው የሊቨርፑሉ ተከላካይ ቨርጂል ቫን ዳይክ የአውሮፓ ዋንጫን ትቶ ለይፋዊ ጨዋታ እስከ ኦገስት 2021 ጠበቀ። በተቃራኒው የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ኤድሪያን ፒተርሰን በዲሴምበር 2011 ሁለት ጅማት ተበጥሶበት፣ ስምንት ወር ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ተመልሶ በዚያው የውድድር ዘመን ኳስ ይዞ 2,097 ያርድ ሮጠ፤ የአንድ የውድድር ዘመን ክብረ ወሰኑን ለመድረስ የቀረው 8 ያርድ ብቻ ነበር። ብዙዎች ይህን እንደ መለኪያ መያዛቸው ግን ከእሱ በኋላ ለተጎዱት ሸክም ሆኗል።

ጉዳት ሁሉ ኤሲኤል አይደለም። የውስጥ ጎን ጅማት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ይድናል። የተቀደደ ሜኒስከስ (በጉልበቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልስልስ አጥንት) ቁራጩ ከወጣ መመለሻው ፈጣን ነው፤ ከተሰፋ ግን ወራት ይወስዳል፤ ሆኖም ለጉልበቱ ዕድሜ መስፋቱ ይሻላል። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሲጎዳ ምን ሊከተል እንደሚችል ብራዚላዊው ሮናልዶ አሳይቷል። በኖቬምበር 1999 ለኢንተር ሲጫወት ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በኤፕሪል 12 ቀን 2000 በኮፓ ኢታሊያ ፍጻሜ ከላዚዮ ጋር ተቀይሮ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ኳሷን ይዞ ተከላካይ ሊያታልል ሲል ያው ጉልበት ከዳው። በ2002 የዓለም ዋንጫ በ8 ጎል ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ ለመሆን ሁለት ዓመት አስፈልጎታል።

ሴት ተጫዋቾች ለኤሲኤል ጉዳት ከወንዶች ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆኑ፣ ለዚህም የአካል አወቃቀር፣ የጡንቻ ዝግጅትና የሜዳ ሁኔታ በምክንያትነት ይነሳሉ። በአርሰናል ብቻ ቤት ሜድ፣ ቪቪያን ሚዴማ፣ ሊያ ዊሊያምሰንና ላውራ ቪንሮይተር ከኖቬምበር 2022 እስከ ሜይ 2023 ባለው ጊዜ በተከታታይ በዚሁ ጉዳት ወደቁ፤ ሜድና ዊሊያምሰን የ2023ቱን የዓለም ዋንጫ ከውጭ ሆነው ተመለከቱ። ሜድ ከ11 ወር በኋላ ተመለሰች። በሜይ 2025 በሊዝበን አርሰናል ባርሴሎናን 1 ለ 0 ረትቶ የቻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ተቀይራ ገብታ የጎሏን ኳስ ያቀበለችው እሷ ነበረች።