«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም»፦ የተነገረው ለማን ነው?

ዳላስ የሚኖር ወዳጄ በስልክ ስናወራ የካሊፎርኒያን ነገር አነሳና «ደግ አደረጉ! በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች የሕዝብ ቆጠራ ሳይጠብቁ የምርጫ ወረዳ ካርታቸውን ቀየሩ፤ 5 ተጨማሪ የኮንግረስ ወንበር ፈልገው ነው። በኖቬምበር ደግሞ ካሊፎርኒያ ለዚያ አጸፋ ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ ለዴሞክራቶች 5 ወንበር የሚያመጣ ካርታ አጸደቀች።

ይህን ተረት ለብቀላ ሲያውሉት በሰማሁ ቁጥር ይከፋኛል። ለሰፋሪው የተነገረ ማስጠንቀቂያ እንጂ ለተበዳይ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ልጅ ሆኜ አያቴ አውድማ ላይ ጤፍ ሲሰፍሩ ጫማችንን አውልቀን ዙሪያውን እንቆም ነበር። ቁናዋ ጠርዟ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ነው። ማንም አያወራም፤ ቆጠራው እንዳይሳሳት። ዓይን ሁሉ ግን ቁናዋ ላይ ሳይሆን እጃቸው ላይ ነው። ምክንያቱም ቁናዋ ያቺው ሆና፣ ሰፋሪው ነቅነቅ፣ ጠቅጠቅ አድርጎ አፏ ላይ ከቆለለባት ሌላ ነው፣ ለቀቅ አድርጎ ሞልቶ በክንዱ ጠረግ ካደረጋት ሌላ ነው፤ 20 ቁና አንድ ዳውላ ሲሆን ልዩነቱ የስንት ቀን እንጀራ ነው።

ቄሶቻችን የተረቱ ምንጭ ማቴዎስ ምዕራፍ 7 ነው ይላሉ፤ «በምትሰፍሩበትም መስፈሪያ ይሰፈርባችኋል» የሚለው። ይሁን። እኔ ግን የተወለደው በነሐሴና በጥር መካከል ይመስለኛል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ የሆነበት ገበሬ ከጎረቤት ይበደራል፤ አበዳሪው ጠረግ አድርጎ ይሰፍርለታል። ጥር ላይ ግን ቁልል ይጠብቃል። ያኔ ነው ተበዳሪው ያችኑ ቁና ይዞ አውድማው ላይ የሚቆመው፦ እንደሰጠኸኝ ልስጥህ። ተጨማሪ የለም፣ ቅጣት የለም። ልክ ነው የጠየቀው።

በአሜሪካም የምርጫ ካርታ ሌባው ቁናዋ ሳትሆን የሰፋሪው እጅ ነው። በአንድ ስቴት ውስጥ የኮንግረስ ወረዳዎች ሁሉ የሕዝብ ቁጥራቸው እኩል መሆን አለበት፤ ቁናዋ ላይ ነቀፋ የለም። አላባማ ግን ከሕዝቧ ከሩብ በላይ ጥቁር ሆኖ ሳለ ከ7 ወረዳ ጥቁሮች የሚበዙበት አንድ ብቻ ነበር። ሲሶ ያህሉን እዚያው አንድ ወረዳ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ የቀረውን በየወረዳው በትነው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከልክሏል። ይሄው ፍርድ ቤት ግን በ2019 ለፓርቲ ተብሎ የተሰመረ ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም ብሎ ነበር፤ በ2024 ደግሞ በሳውዝ ካሮላይና ክስ፣ ካርታው የተሰመረው ለፓርቲ ሳይሆን በዘር መሆኑን ከሳሹ ለይቶ ያሳይ አለ። አብዛኛው ጥቁር መራጭ ዴሞክራት በሆነበት አገር እንዴት ነው የሚለየው? ካርታ ሠሪው «ለፓርቲ ብዬ ነው» ካለ በቃው። ይሄ ያንገበግበኛል።

ወደ ወዳጄ ነገር ስመጣ፣ ካሊፎርኒያ ላይ የተሰፈረበት ማን ነው? ሰሜን ጫፍ ሞዶክ ያለው ከብት አርቢ ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ካለው ማሪን ጋር በአንድ ወረዳ ገብቶ ድምፁ የተዋጠው። እሱ የቴክሳስን ካርታ አልሰፈረም። የቴክሳስ ዋና ከተማ ኦስቲን ከተቀመጡት ሰፋሪዎች ደግሞ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። ዳላስ ያለው ጥቁር መራጭም የተወሰደበት አልተመለሰለትም። እባካችሁ፣ ብድር መመለስ ካሰኛችሁ «ዓይን ስለ ዓይን» በሉ፤ ቁናዋን ተዉልን።