የመጥፋት ዕዳ ምንድን ነው?

አንድ ደን ሲመነጠር በውስጡ የነበሩት ወፎችና ዛፎች ሁሉ በዚያው ሰሞን አያልቁም። የተረፈችው ቁራጭ ደን ውስጥ ተጠጋግተው ይቀራሉ። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጮኻሉ። ያያቸው ሰው «ኧረ ምንም አልሆኑም» ይላል። ችግሩ፣ የቀረቻቸው ቦታ ዘር ተክቶ ለመቀጠል አትበቃም። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ፣ ማንም መጥረቢያ ሳያነሳ፣ ተራ በተራ ያልቃሉ። ይህ ገና ያልደረሰ ግን መንገድ የጀመረ ጥፋት «የመጥፋት ዕዳ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት አሜሪካዊው የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ዴቪድ ቲልማንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት።

እኔ ነገሩ የገባኝ ከኮምቦልቻ በላይ፣ የጎፍ ደን ውስጥ፣ ከአስጎብኚ ጋር በእግር ስንዞር ነው። ልጁ ስለ የጎፍ ዛፎች ይነግረናል ስንል በአንዲት አሜሪካዊት እርግብ ጀመረ። ወሎ ድረስ እሷን ምን አመጣት? ብዬ ነበር በልቤ። ምክንያት ነበረው።

ተጓዥ እርግብ ትባላለች። በምሥራቅ አሜሪካ ደኖች ከ3 እስከ 5 ቢሊዮን ትሆን እንደነበር ይገመታል። የወፍ ሠዓሊው ኦዱቦን በ1813 እ.ኤ.አ. ኬንታኪ ውስጥ ያየው መንጋ ፀሐይ ጋርዶ ለሦስት ቀን ሲያልፍ ነበር። ምግቧ የባሉጥ፣ የቢችና የቼስነት ዛፍ ፍሬ ነው። እነዚህ ዛፎች ደግሞ በየዓመቱ እኩል አያፈሩም። አንድ ዓመት እዚህ፣ ሌላ ዓመት እዚያ ነው። ስለዚህ መንጋው ፍሬ ወዳለበት እየበረረ የሚያርፍበት ሰፊ አገር ያስፈልገው ነበር። አንድ ላይ ሲሰፍሩ ቅርንጫፍ በክብደታቸው ይሰበራል። አንዷ እናት በአንድ ጊዜ የምትጥለው ግን አንድ እንቁላል ብቻ ነው።

ደኑ ለእርሻ ተመነጠረ። የባቡር ሐዲድና ቴሌግራፍ ሲመጣ ደግሞ አዳኞች መንጋው የት እንዳረፈ በሰዓታት ውስጥ ይሰሙ ጀመር፤ ሥጋው በርሜል እየተሞላ በባቡር ይጫናል። ልብ በሉ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ገና ብዙ ሺህ ወፎች ነበሩ። ሺህ ብዙ ይመስላል። ለዚህች ወፍ ግን ሺህ ማለት ጥቂት ነው፤ በብዛት ካልሰፈረች አትራባም፣ ከጠላትም አታመልጥም። ለንግድ ማደኑ አላዋጣ ብሎ ቢቀርም፣ የተረፉት ወፎች አላገገሙም። የመጨረሻዋ፣ ማርታ የተባለችው፣ በሲንሲናቲ መካነ እንስሳት ነሐሴ 26 ቀን 1906 ዓ.ም. ሞተች። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ በነገሡበት ዓመት መሆኑ ነው።

የማርታ ሞት ዜና ሆነ። ዕዳው ግን የተገባው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። አስጎብኚያችን እርግቧን ያመጣው ለዚህ ነበር።

«ቆይ፣ ለእኛስ ቅርብ ማስረጃ አለ ወይ?» ለሚል፣ አለ። ኬንያ ውስጥ ካካሜጋ የሚባል ደን አለ፤ በዘመናት ተቆራርጦ ቁርጥራጭ ሆኗል። ተመራማሪዎች በየቁራጩ የቀሩትን ወፎች ቆጥረው፣ ደኑ ከተቆረጠበት ጊዜ ጋር አስተያዩት። አንድ ሺህ ሄክታር ገደማ የሆነ ቁራጭ ደን በመጨረሻ ከሚያጣቸው የወፍ ዓይነቶች ግማሹን ለማጣት 50 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል የሚል ውጤት አገኙ። ሌላው ግማሽ ገና ተራውን ይጠብቃል ማለት ነው።

ዕዳው ለሁሉም እኩል አይቆይም። ዕድሜው አጭር የሆነ ፍጥረት ቶሎ ይከፍላል። መቶ ዓመት የሚኖር ዛፍ ግን ለረጅም ጊዜ ደህና መስሎ ይቆማል። እኛን የሚያታልለን ዛፍ ነው።

የጎፍ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ ሥር ደርሰን ሁላችንም ወደ ላይ አንጋጠን ማየት ጀመርን። አስጎብኚው «ወደ ታች እዩ» አለን። ቁጢጥ ብሎ ደረቁን ቅጠል በእጁ ገለጥ አደረገው። የወይራ ፍሬ ሞልቷል። አንድ ሁለት ቡቃያም አለ፤ ግን ከጉልበት በታች፣ ጫፍ ጫፉ ተግጦ ክብ ቁጥቋጦ የሆነ። «ይሄ ስንት ዓመቱ ይመስላችኋል?» አለ። ችግኝ መስሎን ነበር። ለካ ፍየል በየጊዜው እየቀነጠበችው ቁመት የከለከለችው ነው። ከትልቁ ወይራና ከዚህ ድንክ መሐል ሌላ የለም። ጎረምሳ ዛፍ የለም። ሽማግሌው የወደቀ ዕለት ተተኪ አይኖረውም።

የሐበሻ ጽድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። አንድ ሜዳ ላይ ብቻዋን የቀረች ሴት ጽድ፣ አቅራቢያዋ ወንድ ከሌለ፣ የቱንም ያህል ብትለመልም መካን ናት።

ከዛፎቹ ጋር የታሰሩ ወፎችም አሉ። የአገራችን ደጋ ጥቁር ክንፍ በቀቀን አንዷ ነች። አረንጓዴ ነች፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። የጽድ ፍሬና ሾላ ትበላለች፣ ጎጆዋ የዛፍ ሽንቁር ነው። ዛሬ አደጋ ላይ ነች አይባልም። ግን ሽንቁር የሚገኘው ባረጀ ዛፍ ላይ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ለአጠና የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ሽንቁር እስኪያወጣ ማን ይጠብቀዋል? ተራራው አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ደን ተመለሰ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን በየቦታው የመንግሥት ደን በግርግር ተቆርጧል፤ ወሎም አልቀረላትም። አገር በቀሉ ዛፍ አሁን ጎልቶ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በሼኾች መቃብር ዙሪያ ነው። ሁለቱም የተከበሩ ስለሆኑ ተረፉ። ግን ጠባብ ናቸው፣ እርስ በርስም ይራራቃሉ። ዕዳ በብዛት የተቀመጠው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ደግነቱ፣ ዕዳው ከሌላው ጥፋት የሚለየው ገና ያልተከፈለ መሆኑ ነው። የጠፋ ወፍ አይመለስም፤ ዕዳ ያለበት ግን ቦታው ከሰፋለት ይተርፋል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ የደን ተመራማሪዎቹ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ አጥር አሳጥረዋል። ከብት ሲቀር ችግኝ ይነሣል። ወሎ ውስጥም «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ተብለው የተከለሉ ተራሮች አሉ። እዚያ ከብት አይገባም፤ ሣሩን ገበሬው አጭዶ ይወስዳል።

ስንወርድ ፍየል የሚጠብቁ አባት አገኘን። አስጎብኚው ሰላምታ ሰጥቶ ይህንኑ የማጨድ ነገር አነሣባቸው። «አባባ፣ እንዲያ ቢሆን አይሻልም?» አላቸው።

«ላሟስ እሺ» አሉ፤ «ፍየልን ግን ማን ሣር ያበላታል፣ ልጄ? እሷ ቅጠል ነው የምትለው።»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም።